ምስጢሩ ይውጣ፣ የሰው ስምስ?

ጥያቄው፦ አንድ ጋዜጠኛ "ከፍተኛ ምስጢር" የሚል ማህተም ያለበት የመንግሥት ሰነድ እጁ ገባ። ያትመው ወይስ ይተወው? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ፦ እኔ ይታተም ባይ ነኝ። አሜሪካዊው የጦር ጉዳይ ተንታኝ ዳንኤል ኤልስበርግ በ1969 ማታ ማታ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ቆሞ ያድር ነበር። የሚያባዛው ስለ ቬትናም ጦርነት የተጻፈ፣ 7,000 ገጽ ገደማ ያለው የፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር) ጥናት ነው። አንድ ቀን ልጆቹንም ይዞ ሄደ። የ13 ዓመት ልጁ ኮፒ ያደርጋል፤ የ10 ዓመቷ ደግሞ "ከፍተኛ ምስጢር" የሚለውን ከገጾቹ ጫፍ በመቀስ ትቆርጣለች። ሰነዱ በ1971 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሲወጣ፣ የተፈራረቁ መንግሥታት ስለ ጦርነቱ ሕዝቡን ሲዋሹት እንደኖሩ ታወቀ። መንግሥት ኅትመቱን ለማስቆም ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን 6 ለ 3 ለጋዜጦቹ ፈረደ። ማህተም ሁልጊዜ አገር አይጠብቅም። የባለሥልጣን ገመናም ይሸፍናል።

ለ፦ ወንድሜ፣ የሚመችህን ምሳሌ መርጠህ አመጣህ። የ2023ቱንስ ምን ልትለው ነው? አንድ የ21 ዓመት የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ዘብ አባል ስለ ዩክሬን ጦርነት የተጻፉ ምስጢሮችን ዲስኮርድ በሚባል የኢንተርኔት መወያያ ላይ ለጓደኞቹ ለጠፈ። 15 ዓመት ተፈረደበት። ደግሞስ አንድ አርታኢ ቢሮው ቁጭ ብሎ "ይሄ ይጎዳል፣ ይሄ አይጎዳም" የሚለው ምን አውቆ ነው? ለእሱ ተራ የሚመስል ቀንና ቦታ፣ መረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነ ለሚፈልገው ሰው በቂ ነው።

ሐ፦ ሁለታችሁም ወረቀቱ ውስጥ ያለውን ሰው ዘለላችሁት። ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ድረ ገጽ ዊኪሊክስ በ2010 የባግዳዱን ቪዲዮ ሲያወጣ ደግፌያለሁ። በ2007 ሁለት የሮይተርስ ሠራተኞች ከሄሊኮፕተር ተተኩሶባቸው ሲሞቱ ያሳያል። ዓለም ማየት ነበረበት። በመስከረም 2011 የሆነው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከ250,000 በላይ የአሜሪካ ዲፕሎማሲ መልእክቶች ስም እንኳ ሳይሸፈን ተለቀቁ። አንዱ ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ስም ነበር። ፖሊስ ጠራው። መንግሥት ውስጥ ያለውን ምንጩን እንዲናገር 24 ሰዓት ሰጡት። አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ያ ስም ባይወጣ አንባቢ ምን ይጎድልበት ነበር? ምንም።

ኤልስበርግ ራሱ እኮ ስለ ሰላም ድርድር የሚያወሩትን አራት የጥናቱን ቅጾች ለጋዜጦች አልሰጠም፤ ድርድሩ እንዳይበላሽ ብሎ ነው። ሌላው ሁሉ ይውጣ አለ፣ ይሄ ይቅር አለ። ያ መቀስ አርታኢውም እጅ ላይ መኖር አለበት። ማህተሙን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ይቁረጥ።

ሀ፦ ስለ ጋዜጠኛው ያልሽው ልክ ነው። እኔ ያሰብኩት የባለሥልጣኑን ስም ብቻ ነበር።

ለ፦ እሺ፣ ስሙ ይቆረጥ። መንግሥት "ስም ባይኖርም አገር ይጎዳል" ካለስ?

ሐ፦ ከመታተሙ በፊት ይጠየቅ፣ ይደመጥ። ግን እንዴት እንደሚጎዳ ያሳይ፤ "ይጎዳል" ማለት ብቻ አይበቃም። በ1971 ፍርድ ቤት ቆሞ ኅትመቱ አገር ይጎዳል ብሎ የተከራከረው የመንግሥት ጠበቃ ኧርዊን ግሪስዎልድ ነበር። በ1989 ራሱ ጋዜጣ ላይ ጻፈ፤ ከኅትመቱ የመጣ የአደጋ ምልክት አንድም አላየሁም አለ። 18 ዓመት ቆይቶ።