ሕፃን፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅና የምትጾም እናት ይዘን ኦርላንዶ ስንሄድ ምን እንያዝ?

ጥያቄ፦ እናት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። በኦገስት አጋማሽ ቤተሰባችንን ይዘን ወደ ኦርላንዶ ለመሄድ ቲኬት ቆርጠናል። ከአራቱ የዲዝኒ ፓርኮች መካከል የምንገባው ማጂክ ኪንግደም ብቻ ሲሆን፣ የምንቆየውም አንድ ሙሉ ቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ የማታው ርችት እስኪያበቃ ድረስ ነው። አብረውን የሚሄዱት የስምንት ዓመት ሴት ልጄ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጄ፣ የዐሥር ወር ሕፃንና ክረምቱን ከእኛ ጋር ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ናቸው።

ባለቤቴ «ሁሉም ነገር እዚያው ይገዛል፤ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይበቃናል» በሚለው ሐሳቡ ጸንቷል። እኔ በበኩሌ እስካሁን ሁለት ትልልቅ ቦርሳና አንድ የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን ሞልቻለሁ፤ ገና የሕፃኑን ዕቃ አልጨረስኩም። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን ጉዞው ፍልሰታ ላይ መዋሉ ነው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ የንስሐ አባቷ ጠዋት ቁርስ እንድትበላ ፈቅደውላታል፤ ከጾም ምግብ ግን ዝንፍ አትልም፤ የሰው ኩሽና ውስጥ ቅቤ ነክቶት ይሆን እያለች ስትጨነቅ ከምትውል፣ ሽሮ ፍርፍር በዕቃ ሞልታ ለመያዝ ወስናለች። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል? ለልጆቹና ለእናቴስ በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? በከንቱ ተሸክመን የምንዞረውስ የትኛው ነው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ አትላንታ

እህታችን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። በመጀመሪያ ዕቃ ስትሸክፉ አንድ ነገር አስቡ። በሌላ ቦታ የረሱትን ነገር ከመኪና ሮጦ ማምጣት ይቻል ይሆናል፤ በማጂክ ኪንግደም ግን መኪና የሚቆመው ከፓርኩ በር ላይ ሳይሆን ከሐይቁ ማዶ ነው። መኪናችሁን ካቆማችሁ በኋላ ሞኖሬል በሚባለው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ወይም በጀልባ ተሻግራችሁ ነው በሩ ላይ የምትደርሱት። ስለዚህ «ለማንኛውም መኪና ውስጥ ይቀመጥ» የምትሉት ዕቃ እስከ ማታ ድረስ እንደሌለ ቁጠሩት። እኔ በመጀመሪያው ጉዟችን የልጄን ቅያሪ ልብስ መኪና ውስጥ ትቼ ሄጄ፣ ለመመለስ ያጠፋሁትን ሰዓት ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ለራሳችሁ የምትበሉትን ምግብና አልኮል የሌለበትን መጠጥ ይዛችሁ መግባት ይፈቀድላችኋል። የሚከለከለው የመስታወት ዕቃ ነው፤ የሕፃናት ምግብ የያዘች ትንሽ ብልቃጥ ግን ታልፋለች። ማቀዝቀዣ ሳጥናችሁ ከ61 በ38 በ46 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ልቅ በረዶም ሆነ ደረቅ በረዶ ስለማይፈቀድ፣ ማታውኑ ሁለት ሦስት የፕላስቲክ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታችሁ በማደር፣ በበረዶ ፋንታ እነሱን በምግቡ መካከል ደርድሩ፤ ከቀትር በኋላ ቀልጠው ይጠጣሉ።

የእናታችን ሽሮ ፍርፍር ላይ ግን ትንሽ እከራከራለሁ። የሚገባው ምግብ ማሞቅ የማያስፈልገውና ኃይለኛ ሽታ የሌለው መሆን እንዳለበት ደንቡ ይናገራል። ለእኛ የሚጣፍጠው የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት መዓዛ ለጠባቂው ምን እንደሚመስለው መገመት አያቅትም። ቢያልፍ እንኳ፣ በዚያ ሙቀት እየተንገላታ የዋለ ፍርፍር ክዳኑን አልፎ ዳይፐሩን ሲያቀላ አይቻለሁ።

በእኛ ቤት መፍትሔው በሶ ሆኗል። ባለቤቴ ደረቁን በሶ ከትንሽ ጨውና ስኳር ጋር ደባልቃ፣ አፈ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሩቡ ትሞላዋለች። ፓርኩ ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ቀድተው የሚሸጡ የፈጣን ምግብ ቤቶች በረዶ የገባበት ውሃ ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ይሰጣሉ። ከዚያ ላይ መጨመር፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ መነቅነቅ፣ ትንሽ ማቆየትና እንደገና መነቅነቅ ነው። አይቀባም፣ አይሸትም፣ ጾም ነው፤ ልጆቹም ይወዱታል። ከዚህ ሌላ ዳቦ ቆሎ፣ ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎና በትንሽ በትንሹ የተቆረጠ የጾም ድፎ ዳቦ ብትይዙ ቀኑን ያወጣችኋል። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ በሶውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሲያዝ ለብቻው ተለይቶ ሊፈተሽ ይችላል።

መልስ፦ ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ታምፓ ነው

የአትላንታው ወንድማችን የተናገሩትን እደግፋለሁ፤ በተለይ በሶውን። እኔ የምጨምረው ስለ አየሩ ነው፤ እዚህ የምንኖር ሰዎች ከለመድነው የተነሣ ለእንግዳ መንገር እንረሳለንና።

በኦገስት ፍሎሪዳ የአዲስ አበባን ክረምት አትመስልም። ጠዋት ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ አየሩ እርጥበት ያዘለ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ በብዙ ቀናት ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ነጎድጓድ ያለው ኃይለኛ ዝናብ ይወርዳል። መብረቅ ሲኖር ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ለጊዜው ይቆማሉ። ልምድ የሌለው ሰው በዚህ ጊዜ ቀኑ ያበቃ መስሎት ይወጣል፤ ዝናቡ ግን ብዙውን ጊዜ ብዙ ሳይቆይ ያባራል፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉም ቀለል ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በኪስ የምትገባ ስስ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ከቤት ገዝታችሁ ሂዱ። ጃንጥላ አልመክርም፤ ጋሪ እየገፉና ሕፃን ታቅፈው ጃንጥላ የሚይዙበት ሦስተኛ እጅ የለም።

የእናትዎን ነገር በቁም ነገር ይያዙት። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ በተለይ ሽንት የሚያበዙት፣ በሙቀት ጊዜ ሰውነት ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋሉ፤ ላዩ ላይ ጾም ሲጨመር ማዞርና መውደቅ ሊያስከትል ይችላል። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ፈጽሞ አይገባም። የዕለቱን መድኃኒት ስሙ ከተጻፈበት ዕቃው ጋር ያዙት። በዚያ ላይ ሰፊ ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በውሃ ተነክሮ አንገት ላይ የሚደረግ ትንሽ ፎጣና ስስ ነጠላ ያስፈልጋቸዋል። ነጠላው ለፀሐዩ ብቻ አይምሰልዎ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ትርኢቶችና ምግብ ቤቶች በማቀዝቀዣ ስለሚበርዱ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ሲገባ ይንቀጠቀጣል።

በሩ አካባቢ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። እናትዎ «እግሬ ደኅና ነው» ብለው እንቢ እንደሚሉ ከአሁኑ አውቃለሁ፤ የእኔም እናት ብላ ነበር። ወንበሩን ለዕቃ ማስቀመጫ ነው ብለን ተከራየነውና እስከ ቀትር ቦርሳ ስንገፋበት ቆየን። ከምሳ በኋላ ማንም ሳያነሣባት ቦርሳውን አውርዳ ተቀመጠችበት።

ጫማ ላይ አንድ ቃል፦ ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ለማንም አታድርጉ። የቁስል ፕላስተርና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ካልሲ ያዙ።

መልስ፦ አክስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ከእህቴ ልጆች ጋር ሄጄ ስለማውቅ እኔም ልናገር፤ ትንሽም ልቃወም። የእናንተን ምክር ሁሉ ከተከተልን እኮ አንድ አይሱዙ ሊያስፈልገን ነው። ባለቤትዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የተረሳ ዳይፐርና የሕፃን ወተት ክሪስታል ፓላስ ከሚባለው ምግብ ቤት አጠገብ ባለው የሕፃናት እንክብካቤ ማእከል ይገኛል፤ ዋጋው ከሱፐርማርኬት ስለሚበልጥ እንጂ የሚያስለቅስ ነገር የለም። ማጥቢያ ክፍልና ዳይፐር መቀየሪያም እዚያው አለ። ስለዚህ ዳይፐር የሚበቃችሁን ያህል ላይ ሁለት ጨምሩ፤ ሙሉ እሽግ አያስፈልግም። የዱቄት ወተቱን እየመጠናችሁ በየጡጦው ደረቁን አስቀምጡ፤ ቆርቆሮው ሆቴል ይቅር። ምግቡን ሁሉ በትንሽ በትንሹ ብታደርጉት ያ ሳጥን ራሱ ይቀራል።

ዕቃውን የሚሸከመው ጋሪው ነው፤ በእሱ አትሳሱ። ለሁለት ልጆች የሚሆን መንታ ጋሪ ያዙ፤ ወርዱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ከቤት ሳትወጡ ለኩት። ዋገን የሚሉት የሚጎተተው ዓይነት አይገባም። ወደ መጫወቻው ስትገቡ ጋሪው ውጭ ይቆማል፤ ሠራተኞች ደግሞ ቦታ ለማስተካከል ያንቀሳቅሱታል። ስትወጡ አንድ መቶ ጥቁር ጋሪ ተደርድሮ የእናንተን ካቆማችሁበት ቦታ ታጡታላችሁ። እኔ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጥለት እጀታው ላይ ስላሠርኩ ከሩቅ ለየሁት። ዝናብ ሳይመጣም ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ ጋሪው ላይ አልብሱት፤ አለዚያ እናንተ ደርቃችሁ ወጥታችሁ ልጁ ውሃ ላይ ይቀመጣል። ገንዘብና ፓስፖርት ግን እዚያ አይተውም።

ትልቋ ልጅዎ የቲያና ባዩ አድቬንቸር የሚባለው የውሃ መጫወቻ ላይ መውጣቷ አይቀርም፤ 102 ሴንቲ ሜትር ከሞላች ትገባለች፣ ርሳም ትወጣለች። ቅያሪ ልብስ ለእሷና ለትንሹ ብቻ ይበቃል። ስልክ የምትከቱበት ዚፕ ያለው ላስቲክም ያዙ። ስልክ ካነሣሁ፣ ቲኬቱም፣ የሰልፉ ርዝመትም፣ ምግብ ማዘዣውም ስልክ ላይ ስለሆነ ባትሪው ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ስለዚህ አንድ ፓወር ባንክ ከሁለት ማቀዝቀዣ ሳጥን ይጠቅማችኋል። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ይያዝ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይግባ። የሰልፊ ዘንግ ፓርኩ ስለማያስገባ ቤት ተዉት።

ሕፃኑ ርችቱን ከሰማ ድምፁ ስለሚያስደነግጠው የጆሮ መከለያ አትርሱ። በመጨረሻም፣ እናትዎ የአሜሪካ ስልክ ካልያዙና እንግሊዝኛ ካልለመዱ፣ የእርስዎንና የባለቤትዎን ስልክ ቁጥር በወፍራም ወረቀት ጽፈው ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ያድርጉላቸው። ሁላችንም ለልጆች እጅ ላይ ቁጥር እንጽፋለን፤ እኛ ግን ያጣናት አያትየዋን ነበር። ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ከማታውቃት አንዲት የሜክሲኮ አያት ጋር ቆሎ ስትካፈል አገኘናት።

ጠያቂዋ፦ እናት ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ማታ የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት። ሽሮ ፍርፍሩን በጉዞው ዋዜማ ሆቴል ውስጥ ልንበላው፣ በፓርኩ ቀን ደግሞ በሶና ዳቦ ቆሎ ልንይዝ ተስማምተናል። ሁለቱ ቦርሳዎች አንድ ሆነዋል፤ ሳጥኑንም በትከሻ በሚያዝ ትንሽ የጨርቅ ማቀዝቀዣ ቀይሬዋለሁ። ባለቤቴ አሸነፍኩ ብሎ ደስ ብሎታል፤ ቦርሳውን የሚሸከመው እሱ መሆኑን ገና አልነገርኩትም። ስለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ያለውን አንቀጽ ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ልጆቹ በክረምቱ መጨረሻ እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው የመጫወቻ ፓርክ፣ ኪንግስ ዶሚንየን፣ እንድንወስዳቸውም እየጠየቁ ነው። እዚያም እንዲሁ ምግብ ይዘን መግባት እንችላለን?

መልስ፦ አክስት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አይቻልም። ከሕፃን ምግብና በጤና ምክንያት ከሚያስፈልግ ምግብ በቀር ከውጭ የመጣ ምግብ አያስገቡም። እኛ ከመግባታችን በፊት መኪናው ዘንድ ነጠላ አንጥፈን ምሳችንን እንበላለን፤ ያን ቀን ሽሮ ፍርፍሩም ይፈቀዳል።