በሊትዌኒያ ሰዎች በአዘቦት ቀን ምን ይመገባሉ? ጾመኛስ ምን ያገኛል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለትምህርት ወደ ካውናስ ልሄድ በዝግጅት ላይ ነኝ። ስለ ሊትዌኒያ ምግብ ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው ጸፔሊናይ ስለተባለው የድንች ምግብ ብቻ ሲሆን፣ ሰዎች በአዘቦት ቀን ቁርስና ምሳቸው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አላገኘሁም። የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ በጾም ቀናትም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እታቀባለሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያ መልስ

እንኳን ደስ ያለዎት። በእኔ እምነት የማዕዱ መሠረት ከድንቹም በፊት ጥቁሩ ዳቦ ነው። ራይ ከተባለው እህል ዱቄት በእርሾ ኮምጥጦ የሚጋገረው ይህ ዳቦ ከበድ ያለና እርጥበት የማይለየው ሲሆን፣ በገጠር ሊጡን በጎመን ቅጠል ወይም ረግረግ ላይ በሚበቅል የሣር ዓይነት ቅጠል ላይ አድርገው ምድጃ ስለሚያስገቡት የቅጠሉ ጅማት ከሥሩ ታትሞ ይወጣል። ቁራሽ መሬት ቢወድቅ አንስቶ መሳም የቆየ ልማዳቸው ነው።

ቁርስ ቀላል ነው፤ ዳቦ በቅቤና በአይብ ወይም የአጃ ገንፎ ይበቃል። በሥራ ቀናት ብዙ ምግብ ቤቶች የዕለት ምሳ ብለው ሾርባና ዋና ምግብ በአንድ ላይ ከመደበኛው ዋጋ ቀንሰው ያቀርባሉ፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በበጋ ሾርባው ቀዝቃዛ ይሆናል። ሻልቲባርሽቻይ የሚባለው ከፊር በተባለ የኮመጠጠ ወተት ውስጥ ቀይ ሥር፣ ኪያር፣ እንስላልና የተቀቀለ እንቁላል ተከትፎ የሚገባበት፣ ቀለሙ ደማቅ ሮዝ የሆነ ሾርባ ነው። ትኩስ ድንች በሌላ ሳህን ይቀርብለታል፤ ጣዕሙ ከትኩሱና ከቀዝቃዛው መፈራረቅ የሚመጣ ስለሆነ ድንቹን ሾርባው ውስጥ ባይጨምሩት እመክራለሁ።

ሁለተኛ መልስ

ለአሳማ ሥጋ የሚጠነቀቅ ሰው የጸፔሊናይን አሠራር ማወቅ ይኖርበታል። ጥሬ ድንች በስሱ ተፈቅፍቆ በጨርቅ ይጨመቃል፤ የወጣው ውኃ ጥቂት ሲቆይ ከሥሩ ነጭ ስታርች ስለሚዘቅጥ፣ ውኃው ይደፋና ስታርቹ ከተጨመቀው ድንችና ተቀቅሎ ከተፈጨ ድንች ጋር አብሮ ይታሻል። ከዚያ መሐሉ ሥጋ፣ አብዛኛውን ጊዜም የአሳማ፣ ተሞልቶ በሞላላ ቅርጽ ይቀቀላል። አይብ የተሞላ ጸፔሊናይም አለ፤ ይሁን እንጂ ስፒርጉቻይ የሚባለው የተጠበሰ የአሳማ ጮማ ሳይጠየቅ ከላይ ሊደረግበት ስለሚችል፣ ሲያዙ የኮመጠጠ ክሬም ብቻ እንዲሆን አስቀድመው ይናገሩ። ከዋና ከተማዋ ከቪልኒየስ አቅራቢያ ወዳለችው የትራካይ ከተማ ከሄዱ ደግሞ፣ ታላቁ መስፍን ቪታውታስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከክሪሚያ አምጥቶ ያሰፈራቸው፣ ካራይሞች የተባሉ ሕዝቦች የሚሠሩትን፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር በበግ ሥጋ የተሞላ ኪቢናይ እንዲቀምሱ እወዳለሁ።

ሦስተኛ መልስ

ጾሙን በተመለከተ ብዙም አይስጉ። ባክዊት የተባለው እህል፣ ቀይ ሥር ከባቄላና ከዘይት ጋር የሚደባለቅበት ሰላጣ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ በየቦታው ይገኛሉ። በመኸር ወራት በደቡብ ባለችው በቫሬና አካባቢ ቤተሰብ ሁሉ ጫካ ወጥቶ እንጉዳይ ይለቅማል።

አገሬው ራሱ ጥሩ የጾም ማዕድ አለው። ኩቾስ በሚባለው የገና ዋዜማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ምሽት፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለባቸው 12 ዓይነት ምግቦች ይቀርባሉ፤ ከእነዚህም መካከል ሄሪንግ የተባለው ዓሣ፣ እንጉዳይ፣ የክራንቤሪ መጠጥ፣ እንዲሁም ከፓፒ ፍሬ በተጨመቀ ወተት መሰል ውኃ ውስጥ የሚነከሩ ኩቹካይ የተባሉ ጥቃቅን ደረቅ ዳቦዎች ይገኙበታል። ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ድርቆሽ ይነጠፋል፤ በዚያ ዓመት ለሞተ የቤተሰብ አባልም ቦታ ይተዋል። ቤተሰብ ጋብዞዎት ከሆነ እምቢ አይበሉ።

ስለ መጠጥ፣ ጊራ ከራይ ዳቦ የሚጠመቅ፣ አልኮሉ እጅግ አነስተኛ የሆነ መጠጥ ነው፤ ሚዱስ ግን ከማር የሚሠራ ሲሆን የስታክሊሽኬስ ከተማ ሚዱስ በአውሮፓ ኅብረት ስሙ ጥበቃ ተሰጥቶታል። ቢራ የሚጠጡ ከሆነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አልኮል የመግዣ ዕድሜን ወደ 20 ዓመት ከፍ ስላደረገው መታወቂያዎን ይያዙ። ከቢራው ጋር የሚቀርበው በዘይት የተጠበሰና ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ጥቁር ዳቦ፣ የአይብ ማባያው እንዲቀር ከጠየቁ፣ ለጾምም ይሆንልዎታል።