ሐይቅ ዳር ሎጅ አርፎ ሆድ የሚይዝ ርካሽ ቁርስ

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርደን ሎጅ ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ አራት ነን፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው። ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ውጭ ነው። አንዱ ቀን ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ በጠዋት ከተማ ውጡና ፉል ብሉ። ሁለት ሳህን ከተጨማሪ ዳቦ ጋር ለአራት ይበቃል። ረቡዕ «ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ቅቤው አንዴ ከፈሰሰበት አይመለስም።

መልስ፦ እኔ በሶ ያዙ እላለሁ። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፣ ክፍላችሁ ውስጥ ይሠራል። ለ2 ብርጭቆ በሶ ጨው፣ ትንሽ በርበሬና 2 ማንኪያ ዘይት፤ ውሃውን ግን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። ባንዴ ከፈሰሰ ይላቁጣል፣ ጭብጦው አይያዝም። በመዳፍ ሲጨበጥ የጣት ምልክት ከያዘ ደርሷል። ለልጆቹ በርበሬውን ትታችሁ በስኳር በጥብጡላቸው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ረቡዕ በሶ፣ ሐሙስ ፉል።