ከሐሙስ ጧት 4 ሰዓት ከ40 በፊት ወደነበረው ዳታቤዝ ለመመለስ፦ የሎጉ ሰንሰለት ረቡዕ ላይ ተቋረጠብኝ

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም ከአርሶ አደሩ እህል በሚሰበስብ አንድ ዩኒየን ውስጥ የመረጃ ሥራ እሠራለሁ። የግዥ መዝገባችን ያለው በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ (በማይክሮሶፍት ነጻ የዳታቤዝ ፕሮግራም) ላይ ሲሆን፣ የሉማሜ፣ የደጀን፣ የቢቸናና የአማኑኤል መግዣ ጣቢያዎች የሚያስገቡት የጤፍና የስንዴ ግዥ በሙሉ እዚያ ይመዘገባል።

ሐሙስ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ የሉማሜን የነጭ ጤፍ ዋጋ ለማስተካከል የጻፍኩት ትእዛዝ የጣቢያውንና የእህሉን ዓይነት የሚለየው ሐረግ ሳይመረጥ ሄደና የአራቱም ጣቢያዎች ዋጋ፣ የስንዴው ሳይቀር፣ በአንድ ቁጥር ተተካ። ነገሩን ያወቅሁት 5 ሰዓት ተኩል ላይ የቢቸና መዝጋቢያችን ደውላ «ስንዴያችን ከመቼ ወዲህ ነው በጤፍ ዋጋ የሚገዛው?» ስትለኝ ነው። እስከ 6 ሰዓት ድረስ ጣቢያዎቹ አዲስ ግዥ ሲያስገቡ ስለቆዩ ያን መረጃም ማጣት አልችልም።

የሪከቨሪ ሞዴሉ ፉል ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ለውጥ ሎግ በሚባለው መዝገብ ላይ ባክአፕ እስኪደረግ ድረስ ይቆያል። ሙሉ ባክአፕ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ የትራንዛክሽን ሎግ ባክአፕ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ኤክስፕረስ የራሱ ኤጀንት (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምር ክፍል) ስለሌለው ይህን የሚያስኬድልን የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰኞውን ሙሉ ባክአፕ ሪስቶር አድርጌ (መልሼ ጭኜ) ሎጎቹን በተራ መጫን ስጀምር እስከ ረቡዕ 8 ሰዓት ያለው ያለችግር ሄደ፤ የረቡዕ 9 ሰዓቱ ፋይል ላይ ግን ስህተት 4305 አወጣና «ይህ ሎግ የሚጀምረው ዳታቤዙ ከደረሰበት ነጥብ አልፎ ነው» በሚል መንፈስ አልቀበልም አለኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? ማክሰኞ ዕለት አንድ ተጨማሪ ሙሉ ባክአፕ በእጅ ወስጄ ነበርና ሰንሰለቱን የቆረጠው እሱ ይሆን ብዬም ሰግቻለሁ።

አባይ ማዶ፣ ከባሕር ዳር

የማክሰኞውን ባክአፕ ከጥርጣሬ ነጻ ያውጡት። ሙሉ ባክአፕ የሎግን ሰንሰለት አይቆርጥም፤ የሚያዛባው ከእሱ በኋላ የሚወሰደውን ዲፈረንሻል ባክአፕ (ከመጨረሻው ሙሉ ባክአፕ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ የሚይዘውን) መነሻ ብቻ ነው። ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ሞዴሉን የሎግ ባክአፕ ወደማይወሰድበት ወደ ሲምፕል ቀይሮ መመለስ ወይም ከሎግ ፋይሎቹ አንዱ መጥፋቱ ነው። ፋይሉ ቢበላሽ ኖሮ የሚያዩት ስህተት ሌላ ይሆን ነበር። 4305 የሚለው በቀጥታ «በመካከል አንድ ቀለበት ጎድሏል» ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው የሎግ ባክአፕ ወስዷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ከመጠየቅዎ በፊት ሰርቨሩን ይጠይቁት። ኤምኤስዲቢ በሚባለው የሰርቨሩ የራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ባክአፕሴት የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱ ባክአፕ መቼ እንደተወሰደ፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ኤልኤስኤን (በሎጉ ላይ ለየለውጡ ከሚሰጠው ተራ ቁጥር) ጀምሮ የት ላይ እንዳበቃ ተጽፎ ይገኛል። የአንዱ ሎግ መጨረሻ የቀጣዩ መጀመሪያ መሆን አለበት። ባክአፕሚዲያፋሚሊ ከሚባለው ሠንጠረዥ ጋር ቢያያይዙት ደግሞ ፋይሉ የተጻፈበትን ድራይቭና ፎልደር ያሳይዎታል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተገኘ። ረቡዕ 8 ሰዓት ተኩል ላይ «ኤፍ» ወደሚል ድራይቭ የተጻፈ አንድ የሎግ ባክአፕ አለ። ፍላሽ ነው። የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ለኦዲት የሚሆን ሙሉ ቅጂ የወሰደ መስሎት፣ የሰርቨሩ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም በሆነው በማኔጅመንት ስቱዲዮው መስኮት ላይ ፉል በሚለው ፈንታ ትራንዛክሽን ሎግ የሚለው ተመርጦ ኖሯል። ፋይሉ እንዲህ አንሶ በፍላሽ ላይ መቅረቱ አስደስቶት እንደነበር ራሱ ነገረኝ። አሁን ያለው ቢቸና ነው፤ ፍላሹም ከእሱ ጋር ነው።

አባይ ማዶ፣ ከባሕር ዳር

በኢንተርኔት መላክ ከቻለ ዛሬውኑ ይላክልዎ፤ ካልቻለም ፍላሹ ላይ ሌላ ነገር እንዳይገለብጥና ፎርማት እንዳያደርገው አጥብቀው ይንገሩት። ከረቡዕ 8 ሰዓት ተኩል በኋላ የተወሰደ ዲፈረንሻል ቢኖርዎ ኖሮ ክፍተቱን በእሱ መሻገር ይቻል ነበር፤ ከነገሩን እንደሚታየው ግን የለም። ወደፊት ለኦዲትም ሆነ ለማንም በእጅ ቅጂ ሲወሰድ የመደበኛውን ባክአፕ ሰንሰለት እንዳያዛባ «ኮፒ ኦንሊ» የሚለው ምልክት ይደረግበት።

ዳሞት፣ ከፍኖተ ሰላም

ከሁሉ በፊት ግን በዋናው ዳታቤዝ ላይ የጭራ ሎግ ባክአፕ (ገና ባክአፕ ያልተደረገውን የሎጉን መጨረሻ) በኖሪከቨሪ አማራጭ ይውሰዱ። የመጨረሻው የሎግ ክፍል ሳይያዝ ሪስቶር ከተጀመረ ከመጨረሻው የሎግ ባክአፕ በኋላ የገባው ሁሉ ይጠፋል።

ጮቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ ዳሞት፣ ምክርዎ ዋናው ዳታቤዝ ሲጎዳ ወይም በላዩ ላይ ሪስቶር ሲደረግ ትክክል ነው። እዚህ ግን ዳታቤዙ ደኅና ነው፤ የተበላሸው አንድ ዓምድ ብቻ ነው። በኖሪከቨሪ የጭራ ባክአፕ ቢወሰድ ዋናው ዳታቤዝ ወዲያውኑ «ሪስቶሪንግ» ወደሚለው ሁኔታ ይገባና አራቱም ጣቢያዎች ሥራ ይፈታሉ። ጠያቂው የሚያስፈልጋቸው የሐሙስ 5 ሰዓቱ መደበኛ ሎግ ነው፤ ጥፋቱ የተፈጸመበት ደቂቃ በእሱ ውስጥ አለና።

በእኔ እምነት ዋናውን ዳታቤዝ ወደ ኋላ መመለስ ጨርሶ አይገባም። ከ4 ሰዓት ከ40 በኋላ ለገዛችሁት እህል ደረሰኝ ተቆርጦ ብሩ ተከፍሏል፤ አርሶ አደሩን «ደረሰኝህን መልስ» ብሎ መጥራት አይቻልም። በሌላ ስም ቅጂ አቁሙ፤ ቅጂውን ጥፋቱ ከመድረሱ አንድ ሁለት ደቂቃ በፊት ላይ አስቁሙት፤ ከዚያ በደረሰኝ ቁጥር እያመሳከራችሁ ዋጋውን ብቻ ወደ ዋናው አሻግሩ። ስታሻግሩም አሁን ዋጋቸው ያው የተሳሳተው ቁጥር የሆነባቸውን ረድፎች ብቻ ንኩ፤ ምክንያቱም ስህተቱን አይቶ በእጁ ያረመ መዝጋቢ ሊኖር ይችላልና የእሱን እርማት መልሳችሁ እንዳታጠፉ። ቅጂውን በዚያው ሰርቨር ላይ ካቆማችሁት «ሙቭ» በሚለው አማራጭ ለፋይሎቹ አዲስ ቦታ መስጠት አትርሱ፤ ቅጂው የሎጉን ፋይል ጨምሮ የዋናውን ያህል የዲስክ ቦታ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሪስቶሩ የት ላይ እንዲቆም የሚወስነው ስቶፕአት ለሚለው አማራጭ የሚሰጠው ጊዜ በሰርቨሩ አቆጣጠር ነው። የእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ከ38፣ ለሰርቨሩ 2024-12-26 10:38 ነው። ዓመቱንና ወሩን በእኛ አቆጣጠር 2017-04-17 ብትጽፉ ብዙም አያሰጋም፤ ጊዜው ከባክአፑ በፊት ስለሚሆን ሰርቨሩ ራሱ አይቀበላችሁም። የሚያስፈራው ቀኑን በትክክል ጽፎ ሰዓቱን 04:38 ማለት ነው። ይህ ለሰርቨሩ እውነተኛ ሰዓት ነው፤ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል። ጊዜውን በየሎጉ ላይ ከሰጣችሁት፣ አንድም ስህተት ሳያወጣ እዚያው ላይ ይቆምና የሐሙስ ጧት ግዥ በሙሉ የሌለበት ቅጂ ያስረክባችኋል።

የጥፋቱን ደቂቃ በእርግጥ የማታውቁ ከሆነ የመጨረሻውን ፋይል ከዚያ በኋላ ሌላ ሎግ በማያስጨምረው በሪከቨሪ አትዝጉት፤ በስታንድባይ ጫኑት። ስታንድባይ ዳታቤዙን ለማንበብ ይከፍተዋል፤ አይታችሁ ዋጋው ገና ደኅና ከሆነ ያንኑ ፋይል በሌላ፣ ወደፊት በተገፋ ደቂቃ እንደገና መጫን ይቻላል። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም፤ ካለፋችሁት ከሙሉ ባክአፑ ጀምሮ እንደገና ነው። ስለዚህ ከ10:30 ተነሥታችሁ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ቅጂው የሚቆምበት ኮምፒውተር ያለው የኤስኪውኤል ሰርቨር ስሪት ከዋናው አዲስ ከሆነ ስታንድባይ እምቢ ይላል፤ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ባክአፑን ራሱ አያነበውም።

ዳሞት፣ ከፍኖተ ሰላም

እርማቱን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ ዳታቤዙ ሥራ ላይ መሆኑን ሳላስተውል ነው የቸኮልኩት። በሰዓቱ ጉዳይ ግን የደረሰብኝን ልጨምር። እዚህ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር በተነሣን ቁጥር የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀር ነበር። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የሚባለው፣ አልቆ ነበር፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ዊንዶውሱ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት መንገድ አልነበረውም። ሎጉ ላይ የሚጻፈው የትራንዛክሽን ጊዜ ደግሞ ይህ የተሳሳተው ሰዓት ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አምኜ በሰጠሁት ደቂቃ ጥፋቱን አልፌው ሄድኩና ሙሉ ባክአፑን ሁለት ጊዜ ጫንኩ። ስለዚህ የሰርቨሩን ሰዓት አሁን ከስልክዎ ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነት ካለ መቁጠር ያለብዎ በሰርቨሩ ነው።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ፍላሹ ትናንት ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ደረሰ። የ8 ሰዓት ተኩሉን ፋይል በ8ና በ9 ሰዓቶቹ መካከል ስጭነው ሰንሰለቱ ተገናኘና እስከ ሐሙስ 4 ሰዓት ድረስ ያለአንዳች ችግር ሄደ። የሰርቨሩ ሰዓት ከስልኬ በ6 ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ስለነበር ከ10:30 ጀምሬ በስታንድባይ አንድ አንድ ደቂቃ እየገፋሁ ቀረብኩ፤ 10:33 ላይ የቢቸና ስንዴ በራሱ ዋጋ ነበር፤ 10:34 ስል ተለወጠ። ሳልፈው ሪስቶሩን ከሰኞ ጀምሬ እንደገና መጫን ግዴታ ሆነብኝ፤ ሁለተኛውን ዙር 10:33 ላይ አቆምኩት።

ጮቄ እንዳሉት የተሳሳተው ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ለይቼ ዋጋውን አሻገርኩ። ከአማኑኤል ጣቢያ ሦስት ደረሰኞች በእርግጥም በእጅ ታርመው ስለነበር ሳይነኩ ቀርተዋል። ማታ ላይ የየጣቢያውን ድምር ከወረቀት ደረሰኞቹ ጋር አስተያይተን ገጠመ። ባትሪውን ዛሬ ጧት ቀይረነዋል። የሉማሜን የነጭ ጤፍ ዋጋ ግን እስካሁን አላስተካከልኩትም፤ ነገ ትእዛዙን፣ ከተሳሳተ መሻር እንዲቻል፣ በቢጊን ትራንዛክሽን ከፍቼ፣ የተነኩትን ረድፎች ቁጥር አይቼ፣ ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የማደርገው።