ጥቆማ፦ ያረጀች ስፖርት መኪና በ150 ዶላር ቤት ውስጥ ማሳመር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። "አሮጌ ሚያታ ገዛሁ። ቀለሟ ደብዝዟል። የት ላሳጥባት? ምን ልግዛላት?" አለኝ። ሚያታ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የማዝዳ ስፖርት መኪና ናት። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ስዘጋ ሌላም ጠያቂ አይጠፋም ብዬ ልጻፈው ወሰንኩ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ የላቫጆው ጥቆማ ለዚህ አካባቢና ለሜሪላንድ ሰዎች ይሆናል። የዕቃው ግን የትም ላላችሁ ይሠራል።

የኔዋ የ1994 ማዝዳ ሚያታ ናት። ቀይ። የፊት መብራቷ ብቅ ጥልቅ የሚለው የመጀመሪያው ትውልድ፣ ከ1989 እስከ 1997 የተመረተው። ከገዛኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስገዛት ኮፈኗ ሮዝ ሆኖ ነበር። አሁን ቀይ ነው። አዲስ አትመስልም፤ እንድትመስልም አልፈልግም።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት ቢሆን ነው። የ30 ዓመት መኪና ላይ ደግሞ ስንት ሰው ሲፈትጋት እንደኖረ አይታወቅም። የተፋቀ ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ሳወዳድር ዋጋውን ብቻ አላይም። ከቀለሟ ትንሽ የሚወስደው የቱ ነው የሚለው ይቀድምብኛል።

መጀመሪያ ላቫጆዎቹ።

በብሩሽ የሚያጥበው፣ መኪናውን በሰንሰለት እየጎተተ የሚያሳልፈው ዓይነት ይቅርባችሁ። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። ግን ብሩሹ ከእናንተ በፊት ያለፈውን የጭነት መኪና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። በፀሐይ ስታዩት ቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት ይተዋል። የጨርቅ ጣሪያና የቆመ አንቴና ላላት መኪና ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ሳይነካ በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥበው ከዚያ ይሻላል። ጭረት የለውም። ነገር ግን በእጅ ስለማያሽ ቆሻሻውን የሚለቀው በጠንካራ ኬሚካል ነው። የቀባችሁትን ሰም ቶሎ ያነሳዋል። ውሃውም በጣሪያው ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለሌላው መኪናዬ እጠቀምበታለሁ፤ ለሚያታዋ አልወስዳትም።

እኔ የምመክረው ሳንቲም ወይም ካርድ እየከፈላችሁ ራሳችሁ የምታጥቡበትን ነው። በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ሲበተን በወር ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ውሃውን ከታች፣ በጎማዎቹ ጀርባና በበሮቹ ሥር አደርገዋለሁ። ጣሪያውን ሲሆን ቧንቧውን ራቅ አድርጉ። እዚያ የተሰቀለውን አረፋ የሚያወጣ ብሩሽ ግን እንዳትነኩት። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ምን እንደፈተገበት አታውቁም።

ቤት ድረስ መጥተው የሚሠሩም አሉ። ከኛ ልጆችም ብዙ አሉበት፤ ለቤተሰብ መኪና ውስጡን ሲያጸዱ ጎበዞች ናቸው። ለአሮጌ ቀለም ግን ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ። ስንት ጨርቅ ይዘህ ትመጣለህ? ቀለሙን የምትወለውልበት ማሽን ምን ዓይነት ነው? ቀለሙ ባለ አንድ ንብርብር ይሁን ባለ ክሊር ኮት (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ቀለም አልባ ሽፋን) መጀመሪያ ትሞክረዋለህ? ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ጠርቼ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሽከረከረው ከባድ ማሽን የሻንጣ ክዳኗን ጠርዝ በላው። ከሥር ያለው ግራጫ ፕራይመር ወጣ። ጠርዝ ላይ ቀለም ብዙውን ጊዜ ስስ ነው። ያ ቦታ ዛሬም ያሳዝነኛል።

አንድ ትልቅ የዲቴይሊንግ፣ ማለትም መኪና የሚያሳምር ሱቅ ደግሞ 900 ዶላር ጠየቀኝ። ሥራቸው ንጹሕ ነው። የቀለሙን ውፍረት በመለኪያ ለክተው ነው ያናገሩኝ። ክሊር ኮቷ ደህና የሆነ ውድ መኪና ካላችሁ ዋጋው ይገባዋል። ለኔዋ ግን መኪናዋን ራሷን ከገዛሁበት ጋር ሳነጻጽረው አልተዋጠልኝም። ከእነሱ የተማርኩት ግን አለ። አንዳንድ ሱቅ በትንሽ ክፍያ፣ አንዳንዱም በነጻ ውፍረቱን ይለካላችኋል። ማሽን ከማንሳታችሁ በፊት ያን አስለኩ።

አሁን ቤት ውስጥ።

እኛ ግቢ መኪና በቱቦ ማጠብ ክልክል ነው። ብዙ አፓርታማ እንደዚያ ነው። ምክንያቱም አለው፤ የመንገድ ዳር የዝናብ መውረጃ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። መፍትሔው ሳይለቀለቅ የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። እኔ ኦፕቲመም ኖ ሪንስ ነው የምጠቀመው። ለ2 ጋሎን ውሃ 1 አውንስ ይበቃል። አንድ ጠርሙስ ዓመት ሙሉ ያጥባል። አምስት ስድስት ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ትነክራላችሁ። በአንዱ ጨርቅ ሁለት ክፍል ብቻ ታጥባላችሁ፣ ወደ ባልዲው አትመልሱትም። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። መኪናዋ ጭቃ ወይም ጨው ካላት ግን መጀመሪያ በውሃ አስለቅቃችሁ ኑ። ቱቦና ግቢ ላላችሁ የመግዋየርስ ጎልድ ክላስ ሻምፑ ርካሽና ጥሩ ነው። የሳህን ሳሙና ሰሙን ስለሚያነሳ ለዘወትር አይሆንም።

ጨርቅ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ ግን ውድም አትግዙ። ኮስኮ በጥቅል የሚሸጠው ቢጫ ማይክሮፋይበር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ለቸርኬና ለሞተር የዋለውን ምልክት አድርጉበትና ወደ ቀለም አትመልሱት። ሲታጠብ የልብስ ማለስለሻ አይጨመርበት።

ከታጠበች በኋላ ቀለሙን በእጅ ዳስሱት። ይህን ያስተማረኝ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ጋሼ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ላቫጆ ቤት ሠርቷል። "ልጄ፣ በባዶ እጅህ አይደለም፤ ስስ ላስቲክ አጥልቅና ዳስሰው" አለኝ። "ኧረ ጋሼ፣ ንጹሕ እኮ ናት" ብዬ ሳልጨርስ ላስቲኩን እጄ ላይ አጠለቀው። ንጹሕ የመሰለኝ ኮፈን እንደ አሸዋ ወረቀት ሻከረኝ። ቀለሙ ውስጥ የተሰካ የብረት ብናኝና የዛፍ ሙጫ ነው። እሱን የሚያነሳው ክሌይ የሚባለው እንደ ጭቃ የሚላቆጥ ነገር ነው። በመግዋየርስና በማዘርስ መካከል ያየሁት ልዩነት የለም፤ አውቶዞን ወይም ዋልማርት ገብታችሁ የረከሰውን አንሱ። ቦታውን በደንብ አርጥቡ፣ ሳትጫኑ አንሸራትቱት። መሬት ላይ ከወደቀ ጣሉት፤ የያዘው አሸዋ ቀለማችሁን ይቧጥጣል።

አሁን ደስ ወደሚለው ሥራ መጣን። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የድሮ ቀይ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ አንድ ንብርብር ቀለም ነው። ከላዩ ክሊር ኮት የለም። ቀለሙ ራሱ ነው የሚያበራው። ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ላዩ ይደርቃል፣ ኖራ ኖራ ይላል፣ ቀዩ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ለማወቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጉና የማይታይ ቦታ እሹ። ጨርቁ ከቀላ ባለ አንድ ንብርብር ነው። ካልቀላ ከላይ ክሊር ኮት አለ ማለት ነው። ክሊር ኮቱ መላጥ ከጀመረ ግን ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ያን ቦታ እንዳለ ተዉት ወይም ቀለም አስቀቡት።

ለደረቀ ባለ አንድ ንብርብር ቀለም ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ጠንካራ ኮምፓውንድ ነው። ቶሎ ያበራል። የሚያበራው ግን የላዩን ፍቆ ነው። እኔ ከመግዋየርስ ቁጥር 7 ሾው ካር ግሌዝ ነው የጀመርኩት። ዋጋው ከ15 ዶላር ብዙም አይርቅም። ሰም አይደለም፣ የሚፍቅም አይደለም፤ ዘይቱ የበዛ የቆየ ምርት ነው። በፎጣ ጨርቅ ወፈር አድርጌ ኮፈኑ ላይ አሸሁት። ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ስጠርገው ጨርቁ ቀልቷል፣ ኮፈኑ ግን ከሮዝ ወደ ደብዛዛ ቀይ መጥቷል። ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ሚስቴ በረንዳ ላይ ቆማ "ቀለም አስቀባሃት እንዴ?" አለችኝ። ያን ቀን አልረሳውም። የደረቀው ቀለም ዘይቱን ሲጠጣ ጥልቀቱ ይመለሳል፤ የሞተው ሽፋንም ለስልሶ ከጨርቁ ጋር ይወጣል።

ቀለሙ እንዲህ ከጠገበ በኋላ ቀላል ፖሊሽ በእጅ ወይም በማሽን መስጠት ይቻላል። ማሽን ካስፈለጋችሁ እየተሽከረከረ የሚንቀጠቀጠውን፣ ዲኤ የሚባለውን ያዙ። ሀርበር ፍሬይት የሚባለው የመሣሪያ መደብር ከ100 ዶላር በታች ይሸጠዋል፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ጠርዞቹን በሰማያዊ ቴፕ ሸፍኑ። የሚያታ ኮፈን አሉሚኒየም ነው፣ ስስ ነው፤ ክንዳችሁን አታሳርፉበት። እኔ ማሽን አልገዛሁም፣ ከጓደኛ ተውሼ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሜያለሁ።

ከዚያ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ግሌዙ ብቻውን በዝናብ ይሄዳል። ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። በቆርቆሮ የሚመጣው የካርናውባ ሰም ቀይ ላይ ሲታይ ደስ ይላል፣ ግን በዚህ አገር በጋ ቶሎ ይጠፋል። የተርትል ዋክስ ሴራሚክ ስፕሬይ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ላይ ወይም በዝቶ ከተረጨ ግን ዥንጉርጉር ይሆናል። የምመርጠው ኮሊናይት 845 የሚባለውን ፈሳሽ ሰም ነው። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በኅዳር ቀብቼው እስከ መጋቢት ውሃ ሲያንከባልል አይቻለሁ። በብርድ ስለሚወፍር ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና በደንብ ነቅንቁት። በሚያዝያ ቢጫው የአበባ ብናኝ ሲወርድ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፤ በውሃ ይልቀቅ።

ጣሪያዋ ከቀለሙ ያልተናነሰ ነገር አለበት። የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው። አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃ ያበላሸዋል። ፕላስት ኤክስ የሚባለው ማጽጃ ጭጋጉን በደንብ ይቀንሰዋል። በብርድ ጣሪያውን አትጠፉት፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ሌላው የውሃ መውረጃው ነው። ከወንበሮቹ ጀርባ በግራና በቀኝ ቀዳዳ አለ። ቅጠልና አቧራ ይዘጋዋል። ከተዘጋ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ምንጣፉን ያረጥባል፣ ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ከውስጥ ያዝገዋል። እኔ የሣር ማጨጃ ክር ነው ቀስ ብዬ የማስገባበት። በኃይል የሚገፋ ሽቦ ቱቦውን ሊበሳው ይችላል። ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሱ፤ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መውጣት አለበት። መኪናዋን ገና ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ውስጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ለጨርቅ ወንበርና ለምንጣፍ ፎሌክስ፣ ለዳሽቦርድና ለበር ጎማዎች 303 ፕሮቴክታንት። ሁለቱም አያብለጨልጩም። መሪና ፔዳል ላይ የሚያንሸራትት ነገር አይቀባም። ለቸርኬ ያው የማጠቢያ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ኃይለኛ ማጽጃ አሉሚኒየም ላይ አትጠቀሙ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ ላቫጆ ስትወስዷት ከሥር ናፍጣ እንዳይረጩባት ንገሯቸው። ለጊዜው ጥቁር አድርጎ ያሳምራል፣ ጎማ ነክ የሆነውን ሁሉ ግን ያሳብጠዋል።

ወጪው ሲደመር፦ ማጠቢያው፣ ጨርቁ፣ ክሌዩ፣ ግሌዙ፣ ኮሊናይቱ፣ የፕላስቲክ ማጽጃው፣ ፎሌክስና 303 ሁሉም አንድ ላይ ከ150 ዶላር አላለፈብኝም። አብዛኛው ደግሞ ዛሬም አላለቀም። ገንዘቡ ካጠራችሁ በመጀመሪያው ወር ማጠቢያውን፣ ጨርቁንና ቁጥር 7ን ብቻ ግዙ።

የደወልክልኝ ወንድሜ፣ አንተ ግን ቁጥር 7ን አትግዛ። ግማሽ ጠርሙስ ተርፎኛል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ መኪናዋን ይዘሃት ና፣ ነጭ ጨርቅም አምጣ። ከሻንጣ ክዳኗ ሥር እንሞክረዋለን።