የታንከሩ መውጫ ተቀይሮም ያንጠባጥባል፤ እባካችሁ አማክሩኝ

ደሴ፣ ሆጤ ነው። ባለ 2,000 ሊትር ክብ የፕላስቲክ ታንከር፣ መውጫው 1 ኢንች። የዛገው ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) በነሐስ ቦል ቫልቭ፣ የታንከሩን ግድግዳ የሚያልፈው ማያያዣም በአዲስ ተተክቷል። ቴፍሎን የተጠቀለለባቸው ጥርሶች ደረቅ ናቸው። ውሃው የሚመጣው ከማያያዣው ዙሪያ ነው፤ ከዳዶው ሥር ጠብታ ይቋጠርና አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ይወድቃል።

የማያያዣው ማሸጊያ ጎማ ከታንከሩ ውስጥ፣ ዳዶው ከውጭ ነው። ጎማው እንዳይጣመም ውስጡ ተይዞ ዳዶው ብቻ ነው የዞረው፤ በእጅ ከጠበቀ በኋላ ግማሽ ዙር። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ጎማው ተጨምቆ ወደ ጎን ይወጣል። ሲሊኮን አልቀባሁም፣ የታንከሩ ፕላስቲክ (ፖሊኢትሊን) ላይ አይዝም።

ግፊቱ ምክንያት አይመስለኝም፤ 1.3 ሜትር ውሃ 0.13 ባር ብቻ ነው። የምጠረጥረው ግድግዳውን ነው። ከውስጥ ጎድጓዳ ስለሆነ ጠፍጣፋው 3 ሚሊ ጎማ ግራና ቀኙን ነክቶ ላይና ታቹን ክፍት ይተዋል። ቀዳዳውም 38 ሚሊ ነው፤ የጥርሱ ውፍረት 33 ገደማ ስለሆነ ማያያዣው ወደ ታች ተንሸራቷል። በዚያ ላይ 1.5 ሜትር የብረት ቧንቧ ያለ ድጋፍ ቫልቩ ላይ ተንጠልጥሏል። ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚለጠጥ የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ መገጣጠሚያውን ሳያንቀሳቅሱት አይቀሩም።

ቧንቧውን ደግፌ፣ መሃሉ ላይ ተጣጣፊ ቱቦ አስገባለሁ። ጥያቄዬ፦ 6 ሚሊ ለስላሳ ጎማ ክፍተቱን ይሞላል ወይስ ቀዳዳው ተደፍኖ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ አዲስ ይበሳ? ፕላስቲክ በትክክል የሚበይድ ባለሙያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ታንከሩን ደጋግሜ ባዶ ማድረግ አልችልም።