«በአደራ ነው የያዝኩት» ማለት ምን ማለት ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ የዱሮ ፎቶና ደብዳቤ የሚሰበስበው «ሰብሳቢው» ትናንት የለጠፈውን አይታችኋል። የጃንሆይ ፊርማ ያለበት ፎቶና ሁለት ደብዳቤ። ከሥሩ ምን ብሎ ጻፈ? «ለመጪው ትውልድ በአደራ ነው የያዝኳቸው።» ሲያብሰለስለኝ አደረ። አደራ እኮ ሰጪ አለው። ማነው የሰጠህ?

ሰብሳቢው፦ ገንዘቤ። ፎቶውን ለንደን ከጨረታ ነው የገዛሁት። ደረሰኝ አለኝ። እኔ ባልገዛው አንዱ ፈረንጅ ሳሎኑ ይሰቅለው ነበር።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ አሁን ያንተ ሳሎን ተሰቀለ። ለኔ ያው ነው።

እትዬ ብዙ፦ ልጆች፣ ቀስ በሉ። ጃንሆይ ፎቶአቸውን ፈርመው ስንቱን እንግዳ ሸልመዋል። በስጦታ የሄደ ነው። የተቀባዩ ልጅ ቢሸጠው ምን ይደረጋል?

የወመዘክር ደንበኛ፦ ልክ ነዎት እትዬ። የተላከ ሌላ፣ የተዘረፈ ሌላ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ዛሬም እንግሊዝ መዝገብ ቤት ነው። ያንን «መልሱ» አንልም፤ ራሳቸው ናቸው የላኩት። መልስ ግን በጊዜው አልሰጧቸውም። የመቅደላው ብራና ግን በ1860 በጦር የተወሰደ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ፊርማ ፊርማ ትላላችሁ። የዱሮዎቹ ነገሥታት ማኅተም ነበር ልማዳቸው። የምኒልክን ደብዳቤ ያየ ያውቀዋል። አናቱ ላይ አንበሳው፣ ዙሪያውን «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»።

ሰብሳቢው፦ የኔ የምኒልክ አይደለም። ቀ.ኃ.ሥ. ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ለጠቅላላ እውቀት ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ወደ አደራው እንመለስ። ፎቶውን ተውኩልህ። ደብዳቤዎቹስ? አጉልቼ አየኋቸው። በግራ በኩል ሁለት ቀዳዳ፣ ከላይ ቁጥርና ቀን። የፋይል ቀዳዳ ነው! ከአንድ መሥሪያ ቤት ክላሰር የነቀለው ሰው አለ።

ሰብሳቢው፦ ክላሰሩ የት እንደደረሰ ታውቃለህ? ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ባለ ሱቁ በርበሬ የሚጠቀልልበት ወረቀት ማኅተም ነበረው። አንዱን ደብዳቤ ያገኘሁት ከቁራሌው ጆንያ ነው። በኪሎ ሊመዘን! ባላነሳው ዛሬ ቀዳዳ የምትቆጥርበት ወረቀት አይኖርም ነበር።

የወመዘክር ደንበኛ፦ እሱ እውነት ነው፤ ያሳዝናል። ደግሞ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ በግል መያዝን አይከለክልም። አስመዝግብ ነው የሚለው። ያለ ፈቃድ ከአገር አታውጣ ነው የሚለው። የት ነው ያለኸው?

ሰብሳቢው፦ ቨርጂኒያ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ በቃ። አደራው ቦሌን አልፏል።

ሰብሳቢው፦ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

እትዬ ብዙ፦ ኧረ ልጄ፣ እሱንስ ባትጽፈው።

ወለላ፦ እሺ ይመልስ። ለማን? ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ፋይል ፍለጋ፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድ መዝገብ ቤት ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። «ነገ ነይ።» «ቁልፍ የያዘው ሰው የለም።» እሱ ጋ ብሄድ ቢያንስ ቡና ይፈላልኛል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ቁልፍ የያዘው ሰው ቨርጂኒያ ሄዶ ይሆናላ።

ወለላ፦ በጣም ያስቃል። ሦስት ወር ስትመላለስ እንገናኝ።

የወመዘክር ደንበኛ፦ የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ሰብሳቢ ፊርማ ያለበትን ገጽ ይመርጣል፣ የቀረውን ይተወዋል። ከፊቱና ከኋላው የነበሩት ገጾች ከሌሉ ማን ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት በምን ይታወቃል? ቢያንስ ስካን አድርገህ ለስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላክላቸው።

ሰብሳቢው፦ ኮፒው ከተበተነ ዋጋው ይወርዳል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ዋጋው! ሰማችሁ? አደራ ዋጋ አለው እንዴ?

ሰብሳቢው፦ ለኢንሹራንስ ማለቴ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ኢንሹራንስ የተገባለት አደራ ዛሬ አየሁ።

እትዬ ብዙ፦ ለመሆኑ ደብዳቤው ምን ይላል? ከጠዋት ጀምራችሁ አንድ ሰው አልጠየቀም።

ሰብሳቢው፦ የመሬት ጉዳይ ይመስለኛል እትዬ። እውነቱን ለመናገር ሙሉውን አላነበብኩትም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ለጥፈው፣ እኔ አነበዋለሁ።

ሰብሳቢው፦ እሺ። ቀዳዳውን ሸፍኜ እለጥፋለሁ።